የመርሳ ገበሬ የሚጠይቀውን ኮምፒውተሩ ቢጠይቅስ?

ሐምሌ 2015 ላይ በመላ አገሪቱ ያሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ምሩቃን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የመውጫ ፈተና ወሰዱ። በሕግና በጤና ሙያዎች ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ከተፈተኑት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች የማለፊያውን 50 ነጥብ ያገኙት 40.65 በመቶ ናቸው። በ2004 የተመሠረተው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ከተፈታኞቹ መካከል ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ ከተማ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ በቆየችባቸው ወራት፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ተዘርፎና ወድሞ ነበር። በዚያው ግቢ ኮምፒውተር ዳግም ተተክሎ፣ መስመር ተዘርግቶ፣ ተማሪው ለፈተና በቃ። ይህን ያደረጉትን ሰዎች አከብራለሁ።

ስለ 40.65ቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔም አልጨምርበትም። ወዳጆቼ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የምፈልገው ስለ ጥያቄዎቹ ነው። ያ ሁሉ ኮምፒውተር፣ ያ ሁሉ መስመር፣ ያ ሁሉ ጄኔሬተር ተሰናድቶ ተማሪው የተጠየቀው “ከሀ እስከ መ ምረጥ” ነው። ወረቀትም ይህን መጠየቅ ይችል ነበር። ኮምፒውተር ግን ወረቀት ፈጽሞ የማይችላቸውን ነገሮች መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

መጀመሪያ ግን ኮምፒውተሩ ለምን እንደመጣ በቅንነት እንይ። ግንቦት 2008 ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ፈተናው ተሰረዘ፤ በመላ አገሪቱ የነበረ ተማሪ እንደገና ተዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ፈተና ማለት የጥበቃ ጉዳይ ሆነ። ጥቅምት 2015 ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ፍራሻቸውን ይዘው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ፤ ከ896,520 ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ 3.3 በመቶ፣ መሆናቸውን ስንሰማ አገር ደነገጠ። በ2016 ደግሞ ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒውተር ተፈተኑ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ የተቀጠረው ለዘበኝነት ነው። ጥያቄ ያቀያይራል፣ ፈተናው በጭነት መኪና እንዳይጓዝ ያደርጋል፣ ያለ አድልዎ ያርማል። ጥሩ ዘበኛ ነው፤ ይህን ሥራውን አላቃልልም። ሌሊቱን አጥንቶ የገባ ልጅ፣ መልሱን በስልክ ተቀብሎ ከገባው እኩል እንዳይሆን ማድረግ ትልቅ ፍትሕ ነው።

ነገር ግን አራት ምርጫ ያለው ፈተና በተፈጥሮው አንድ ጉድለት አለበት። 100 ጥያቄ የቀረበለትና ምንም የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ቢነካካ በአማካይ 25 ያገኛል። ከዚያም የባሰው፣ መልሱ ፊቱ ላይ ተጽፎለታል። በሥራ ዓለም መልሱን ከሌሎች ሦስት ጋር ደርድሮ የሚያቀርብልህ ማንም የለም። ወልድያ ገበያ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴን አስቡት። የሒሳብ አያያዝ ምሩቅ ቀጥሮ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው በካርቶን የታጨቀ ደረሰኝ ነው፤ ከፊሉ ቀኑ የጠፋ፣ ከፊሉ በካርቦን የደበዘዘ፣ አንዱ ሁለት ጊዜ የገባ። “ይኼን ፒችትሪ (የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩ) ላይ አስገባና ዓመቱን ዝጋልኝ” ይለዋል። ዴቢት የትኛው እንደሆነ ከአራት ምርጫ መለየት ጥሩ ነው፤ የተደገመውን ደረሰኝ ማሽተት ግን ሌላ ችሎታ ነው። ያንን ሌላውን ችሎታ በቀጥታ የሚመረምር ፈተና ተግባር ተኮር ምዘና እንበለው። ተማሪው ነገ በሥራ ላይ የሚገጥመውን ዓይነት ጉዳይ፣ ከነዝብርቅርቁ፣ ዛሬ ፊቱ ላይ አስቀምጦ “ሥራው” ማለት ነው።

አሜሪካዊው ግራንት ዊጊንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው መጣጥፍ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ይጠቀሳል፤ የእንግሊዝኛ ስያሜውንም በሰፊው ያስተዋወቀው እሱ ነው። ነገሩ ራሱ ግን ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ያለችው ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዷ ናት። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም። ከባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ እየወጣ፣ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ራሱ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ሰምቶ ያርማል፤ ሙያው ጎደለ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ምሥጢሩ አልተገናኘም ይላል። ተማሪው ነገ በማኅሌት የሚሠራውን ሥራ ዛሬ እየሠራ ነው የሚመዘነው። የጁ ውስጥ ባለችው ዳናና በሌሎቹ የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ደረሳው ኪታቡን ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ይፈታል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። የገባውና ያልገባው ሸኹ ፊት አይደበቅም።

እነዚህ መምህራን ግን የሚመዝኑት ጥቂት ተማሪ ነው፤ ጊዜውም ዓመታት ነው። የዘመኑ ትምህርት ቤት መምህር ክፍል ውስጥ ስልሳና ከዚያ በላይ ልጅ አለው፤ እንዲህ ያለ ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተነገረው ተከታታይ ምዘና በብዙ ቦታ ወደ ተከታታይ “ኩዊዝ” የተለወጠው መምህሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ስልሳ ሰው በየሳምንቱ ማዳመጥ ስለማይቻል ነው። ኮምፒውተር የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። የአንድ ለአንዱን ምዘና ለብዙ ሰው እንዲበቃ ማድረግ!

አሁን ወደ ሀብሩ ወረዳ እንውረድ። በጣም የምወደው ምሳሌ እዚህ አለ።

ከወልድያ በደሴ መንገድ ወደ መርሳ ስትወርዱ ሲሪንቃን ታልፋላችሁ። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ሥራው ይታወቃል፤ ግራና 1 የተባለው የማሽላ ዝርያ ከዚያ ነው የወጣው። ወረድ ብሎ መርሳ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ካምፓስ አለው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ደግሞ በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ቆይቶ የሚደርሰውን የአገር ማሽላ ለመዝራት የበልጉ ዝናብ ያስፈልገዋል። ዝናቡ ቢዘገይ ይጠብቅ? ወይስ ማሽላውን ትቶ ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ ጤፍ ይዝራ? በጊዜው ካልወሰነ ሁለቱም ያመልጡታል። ስለዚህ የሰብል ተማሪን “የበልግ ዝናብ በየትኞቹ ወራት ይጥላል?” ብሎ ከአራት ምርጫ ማስመረጥ ይቻላል። ገበሬው የሚጠይቀውን መጠየቅም ይቻላል።

እንዴት? ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች ተቀናጅቶ የተሠራ ቺርፕስ የተባለ የዝናብ መረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በአምስት ኪሎ ሜትር ለሆነ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት፣ የየቀኑን ዝናብ ግምት ይሰጣል። በነፃ ነው የሚወርደው። አንድ መምህር ኢንተርኔት ባገኘ ቀን የሀብሩን በሙሉ አውርዶ በፍላሽ ሊይዘው ይችላል። ከዚያ ለአርባ ተማሪዎች አርባ የተለያየ ፋይል ያድላል። ለአንዱ የውርጌሳ አካባቢ አሥር ዓመት፣ ለሌላዋ የግራና ሸለቆ ሌላ አሥር ዓመት፣ ለሌላው የመርሳ ዙሪያ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፦ “ከእነዚህ ዓመታት ገበሬው ማሽላ ትቶ ወደ ጤፍ ቢዞር ይሻለው የነበረው በየትኞቹ ነው? ምልክቱ በየትኛው ሳምንት ታየ? ለገበሬው ግማሽ ገጽ ምክር በሚገባው አማርኛ ጻፍ።”

እስቲ ይህ ጥያቄ የሚያደርገውን ነገር ልብ በሉ። ተማሪው አሥር ዓመት የየቀን ዝናብ፣ ከ3,600 በላይ ቁጥር፣ ኤክሴል ላይ ተዘርግቶ ይቀርብለታል። በእጅ አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የግድ ሆነ። የጎረቤቱን መገልበጥ አይጠቅመውም፤ ፋይሉ ሌላ ነው። ስንት ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ነው “ዘርቶ ለማብቀል በቂ” የሚባለው የሚለውን ራሱ ወስኖ ምክንያቱን መናገር አለበት፤ እዚህ ላይ የአፈር ዓይነት፣ የዘሩ ባሕርይ፣ ከዘር በኋላ የሚመጣው የደረቅ ጊዜ ርዝመት ሁሉ ይገባል። በስተመጨረሻም ለገበሬ የሚገባ አማርኛ መጻፍ አለበት፤ ምክሩን የሚሰጠው ለሰው ነውና። ይህን ሠርቶ ያመጣ ልጅ መርሳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢቀጠር በመጀመሪያው ቀን ሥራ ይጀምራል።

መምህሩም የሚያርመው ነገር የተደራጀ ነው። ዝናብ የጀመረበትን ቀን የቀመረበት ስሌት ትክክል መሆኑን ኮምፒውተሩ ራሱ ሊያመሳክር ይችላል፤ የእያንዳንዱ ፋይል መልስ አስቀድሞ ተሰልቶ ተቀምጧልና። መምህሩ የሰውን ዳኝነት የሚፈልገውን ብቻ ያነባል፤ ምክንያቱ ያሳምናል? ምክሩ ገበሬውን አደጋ ላይ ይጥላል? ከዚያም ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ፦ “ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቢዘገይስ ምን ትለዋለህ?” አርባ ተማሪ በአምስት ደቂቃ 200 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ለጤና ተማሪዎች የሚሆነው ደግሞ በሌላ አገር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። በአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና ሦስተኛ ደረጃ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተፈታኙ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ ያክማል። ምርመራ ያዛል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ከዚያ ሰዓቱን ወደፊት ያንቀሳቅሳል፤ ሕመምተኛው እንደ ሕክምናው ይሻለዋል ወይም ይብስበታል። ምርጫ አልተደረደረም፤ ማዘዝ ያለበትን ራሱ አስቦ ይጽፋል። ይህንን ወልድያ ሆስፒታል ተለማማጅ ሆና ለምትገባ የነርስ ተማሪ ብናዘጋጀው ጉዳዩ የእኛ ይሁን፦ ከገጠር በቃሬዛ የመጣች ወላድ፣ ደም የሚፈስሳት፣ አምቡላንስ የዘገየባት፣ ደም ባንክ ውስጥ የእሷ ዓይነት ደም የሌለ። ተማሪዋ በስንተኛው ደቂቃ ምን እንዳደረገች ኮምፒውተሩ መዝግቦ ይይዛል። ስትሳሳት የሚሞት ሰው የለም፤ መምህሯም ከጎኗ ተቀምጦ መዝገቡን እያየ “እዚህ ላይ ለምን ቆየሽ?” ማለት ይችላል።

አሁን የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። መብራትስ? ኢንተርኔትስ?

ልክ ነው። ሰሜን ወሎ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ ሰው ይህን ሳያነሳ ማለፍ የለበትም። በጦርነቱ ጊዜ ስልክም መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ የአካባቢው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሌላው አገር ጋር መፈተን ስላልቻሉ በ2014 በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆየ፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ምዘና ለእኛ አካባቢ አይሆንም። ደስ የሚለው ነገር፣ ኢንተርኔት ሳይኖር በኮምፒውተር መመዘን የታወቀና የተፈተነ አሠራር ነው።

ፊንላንድን እንይ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናቸውን እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር አዞሩት። ኢንተርኔት ሞልቶ የተረፈው አገር ፈተናውን የሚሰጠው ግን ያለ ኢንተርኔት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለዓመታት ተማሪው የራሱን ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ፍላሽ ይሰካ ነበር፤ ላፕቶፑ የሚነሳው ከፍላሹ ላይ ባለ የሊኑክስ ሥርዓት ስለነበር የራሱን ፋይል ማየት አይችልም ነበር። ሁሉም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር ብቻ ይገናኛል። ይህ እንግዲህ ጥበቃው ነው፤ ከእኛ ፍላጎት አይለይም። ልዩነቱ የሚመጣው ጥያቄው ላይ ነው። ተማሪው ቪዲዮ ያያል፣ ካርታና ሰንጠረዥ ይከፍታል፣ በስሌት ሶፍትዌር ግራፍ ይሠራል፣ ከዚያ በራሱ ቃል ጽፎ ይመልሳል። ዘበኛውና ጠያቂው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለመውጫ ፈተና የተዘረጋው አዳራሽ ይህን ለማድረግ የሚጎድለው ትልቁ ነገር መሣሪያ አይመስለኝም፤ የጥያቄ አዘጋጅ ነው።

ከዚያም ቀለል ያለ መንገድ አለ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ማንበብ ላልጀመሩ ልጆች ታብሌት ተሰጥቶ ነበር፤ ልጆቹ የነካኩትን ሁሉ ታብሌቱ በሚሞሪ ካርድ ላይ ይመዘግብና ካርዱን ሰው በየሳምንቱ እየሄደ ይቀይረው ነበር። ስለ ውጤቱ የተነገረው ብዙ ነው፤ እኔን የሚማርከኝ ግን የካርዱ ጉዞ ነው። መረጃ በአህያም ቢሆን ይጓዛል።

የታችኛውን ክፍል ልጆች ካነሳን፣ እዚያ ያለው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከተካተቱት የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ያወቅነው በምርጫ ጥያቄ አይደለም። ልጁን አንድ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ጽሑፍ ሰጥቶ፣ ለአንድ ደቂቃ አስነብቦ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ምዘና ታንጀሪን በተባለ ነፃ ሶፍትዌር በታብሌት ወይም በስልክ ይሠራል። መምህሩ ልጁ የሳተውን ፊደል ይነካል፤ ስልኩ ደቂቃውን ይቆጥራል፣ በደቂቃ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ያሰላል፣ ኢንተርኔት እስኪገኝ ያስቀምጠዋል። ልጁ ስልኩን አይነካም፤ የሚይዘው ወረቀት ነው። የልጁ ድምፅም ቢቀዳ፣ በጥቅምት የተቀዳውንና በግንቦት የተቀዳውን ለእናቱ ማሰማት ይቻላል። 71 ከ100 የሚል ካርድ ለብዙ እናቶች ምንም አይነግርም። ልጇ በጥቅምት ሲንተባተብ፣ በግንቦት ሲያነበንብ ብትሰማ ግን ማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም።

ይህ ነጥብ እንዳያመልጣችሁ፦ በኮምፒውተር መመዘን ማለት ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር መስጠት ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝን ዘዴ ላሳያችሁ፤ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ካሜራ ያለው ስልክና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የአማርኛ ድርሰት ማረም ከባድ ነው። አንዱ መምህር 14 ከ20 የሰጠውን ሌላው 9 ይሰጠዋል፤ ያው መምህር ራሱ ጠዋት የሰጠውን ማታ ደክሞት አይሰጠውም። የሰው አእምሮ ቁጥር ሲሰጥ ይዋዥቃል። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ሲቀርብለት ግን “ይኼኛው ይሻላል” ማለት አይከብደውም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሉዊስ ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1927 በዚህ ላይ ተመሥርቶ የስሌት ሕግ አወጣ፤ ብዙ የሁለት ለሁለት ፍርዶችን ሰብስቦ የሁሉንም ደረጃ በአንድ መስመር ላይ ማውጣት የሚያስችል። በእጅ ለማስላት አድካሚ ስለነበር በትምህርት ቤት ብዙም አልተሠራበትም። ለኮምፒውተር ግን የጥቂት ሰከንድ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ እንግሊዝ አገር ብዙ ትምህርት ቤቶች የልጆችን ድርሰት በዚህ መንገድ ይመዝናሉ።

በውርጌሳ አንድ ትምህርት ቤት ብናስበው፦ ስልሳ የስምንተኛ ክፍል ልጆች በወረቀት፣ በእጃቸው ድርሰት ይጽፋሉ። ርዕሱ የቃል ታሪክ ይሁን፤ አያትን ወይም ጎረቤትን ስለ 77ቱ ድርቅ ጠይቆ መጻፍ። ስሙ ተሸፍኖ እያንዳንዱ ወረቀት በስልክ ይነሳል። ላፕቶፑ ሁለት ሁለት እያደረገ ለመምህራን ያሳያል፤ መምህሩ የሚሻለውን ይነካል። እያንዳንዱ ድርሰት አሥር ጊዜ ከሌላ ጋር ቢወዳደር በጠቅላላው 300 ፍርድ ነው፤ አንዱ ውድድር ሁለት ድርሰት ይይዛልና። አንዱን ፍርድ በአንድ ደቂቃ ብንይዘው 300 ደቂቃ። አምስት መምህራን ተራ በተራ ቢቀመጡ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት። በዚህች ሰዓት እያንዳንዱ ልጅ በአንድ መምህር ስሜት ከመዳኘት ድኖ በበርካታ መምህራን ዓይን ታይቷል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ብዙ ጊዜ የማይስማማውን ዳኛ ለይቶ ያሳያል፣ መምህራኑ የተከራከሩበትን ድርሰት ነጥሎ ያወጣል። ያንን ድርሰት መሃል ላይ አስቀምጠው “ለምን?” ብለው ሲነጋገሩ ጥሩ ድርሰት ምን እንደሆነ ራሳቸው እየተማሩ ነው። ለመምህራን ከሚሰጥ ብዙ ሥልጠና ይህን አስበልጣለሁ።

ይህን ሁሉ ስናወራ ልንሸሸው የማንችለው ጉዳይ አለ፤ የሥራው ባለቤት ማነው? የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል፤ ቤት ወስዶ የሚሠራ ጽሑፍ በራሱ ምንም አያረጋግጥም። አንዳንዱ ሰው ከዚህ ተነስቶ “እንግዲያው ወደ ምርጫ ጥያቄ ተመልሰን አዳራሹን እንዝጋ” ይላል። እኔ ግን መልሱ በዋድላ ቅኔ ቤት በር ላይ ቆሞ እየጠበቀን ይመስለኛል። ተማሪው ሠርቶ ያምጣ፤ ከዚያ ይቁምና ይጠየቅ። የሠራው ሰው ከሥራው ጎን ቆሞ ሲጠየቅ ይናገራል፤ ያሠራው ይንተባተባል። ኮምፒውተሩም ያግዛል። ሰነዱ በየቀኑ እንዴት እያደገ እንደመጣ ታሪኩን ይይዛል፤ ሦስት ሳምንት የተጻፈና የተሰረዘ ጽሑፍ፣ ሌሊት ላይ በአንድ ጊዜ ከተለጠፈ 40 ገጽ በግልጽ ይለያል። በሙያ ማሠልጠኛዎቻችን በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘናው) የተለመደው ይኸው አይደል? ሰልጣኙ መዛኙ ፊት በር ይበይዳል፣ መስመር ይዘረጋል። ዲግሪ የያዘው ልጅ ከዚያ ያነሰ ለምን ይጠየቃል?

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በ1997 ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን ፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማረበት ትውልድ ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይለቀቃል፤ ጥያቄ ይጠይቅና ለመመለሻ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ይቀጥላል፤ ክፍሉ ገባው አልገባው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መምህሩም ጥግ ላይ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ዕቃው ውድ ነበር፣ ሐሳቡም በጎ ነበር፤ ነገር ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። ለምዘና የምንተክለው ኮምፒውተርም መምህሩን ወደ ጥግ ከገፋው ያው ይደገማል። የዝናቡን ጥያቄ የሚያዘጋጀው የመርሳን አፈር የሚያውቅ መምህር ነው፤ የወላዷን ጉዳይ የምትጽፈው ወልድያ ሆስፒታል ውስጥ ያደረች አዋላጅ ናት። ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌር ይህን ይዞ አይመጣም።

የቋንቋውም ነገር አለ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ጉዳዩን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ ቃል ጠፍቶት ይወድቃል። ተግባር ተኮር ጥያቄ ረጅም ስለሚሆን፣ ካልተጠነቀቅን ይህን ችግር ያባብሰዋል። ስለዚህ ተማሪው በአማርኛ በድምፅ እንዲያስረዳ ቢፈቀድለትና ድምፁ ቢቀዳ፣ የሰብል ዕውቀቱን ከእንግሊዝኛ ዕውቀቱ ለይተን እናያለን። ፊደል በኮምፒውተር መጻፍ ያልለመደውም ልጅ እንዲሁ ነው፤ በዝግታ ስለመታ ነጥብ ማጣት የለበትም። በእጁ ይጻፍ፣ ስልክ ያንሳው።

አገር አቀፉ ፈተና በአንድ ጊዜ ይለወጥ አልልም፤ መቶ ሺዎች በሚፈተኑበት ቀን ሁሉን በቃል መጠየቅ አይቻልም። ነገር ግን ከመውጫ ፈተናው መቶ ጥያቄ አሥሩን አንስቶ በቦታቸው አንድ የደረሰኝ ካርቶን፣ አንድ የዝናብ ፋይል፣ አንድ ሕመምተኛ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ አንድ ትምህርት ክፍል በአንድ ኮርስ ሊጀምረው ይችላል። ለመርሳው መምህር የሚያስፈልገው የዝናብ ፋይሉን የያዘ ፍላሽ፣ መብራት ሲጠፋ ሦስት ሰዓት የሚቆዩ ጥቂት ላፕቶፖች፣ በፈረቃ የሚገቡ ተማሪዎችና ለቃል ጥያቄው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሲሪንቃ አንድ የማሽላ ተመራማሪ፣ ከመርሳም ዝናቡ በዘገየበት ዓመት ማሽላውን ትቶ ጤፍ የዘራ አንድ ገበሬ ለቃል ጥያቄው ቢጋበዙ ደግሞ፣ የተማሪውን ምክር ከእነሱ በተሻለ የሚመዝን የለም።